የቮልስ ሃይድሮሊክ ፍሪሲዮን ሲያስቸግር፦ ማስተካከል፣ ሲሊንደር መቀየር ወይስ ወደ ኬብል መመለስ?

አሮጌ ቮልስ ከፋብሪካ ሲወጣ ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በኬብል ነው። ኬብሉ ከፔዳሉ ተነሥቶ፣ በወለሉ መሐል ባለው ቦይ ውስጥ በቀጭን የብረት ቱቦ አልፎ፣ ከኋላ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ያለውን ክንድ ይስባል። ይህ አሠራር ዘመን የተሻገረ ቢሆንም ቦዩ ውስጥ ያለው ቱቦ ከብየዳው ሲላቀቅ ወይም ሲዝግ ኬብል በላይ በላዩ መበጠስ ይጀምራል። ባለቤቱ ይሰለቸውና ጋራዥ ገብቶ ማስተርና ሲሊንደር ያስገጥማል፤ ፍሪሲዮኑም እንደ ዘመኑ መኪኖች በፍሬን ዘይት መሥራት ይጀምራል። አዳማ ውስጥ ይህን ማሠራት አይከብድም። ከተማዋ የጅቡቲ መንገድ ማረፊያ በመሆኗ የጭነት መኪና ሃይድሮሊክ የለመደ መካኒክ፣ ቶርኖ ቤትና ብየዳ ቤት በቅርብ ይገኛል።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የኋላ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ ወይም መኪናው ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ አልሄድም ይላል። ባለቤቱ ሰው ሲጠይቅ ከሦስት ምክሮች አንዱን ይሰማል፤ አንዱ «አየር አለበት» ይለዋል፣ ሌላው «ማስተሩን ቀይረው» ይለዋል፣ ሦስተኛው «ወደ ኬብሉ መልሰህ ተገላገል» ይለዋል። ሦስቱም ትክክል የሚሆኑበት ጊዜ አለ። የትኛው ለየትኛው መኪና እንደሚሆን መወሰን ያለበት ግን በአንድ ልኬት ነው፦ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ካምቢዮው ላይ ያለው ክንድ ስንት ሚሊ ሜትር ይሄዳል? ይህ ቁጥር ሳይታወቅ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ገንዘብን ለዕድል መስጠት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ከፔዳሉ ጋር የተያያዘውን ማስተር፣ ካምቢዮው ጋር ያለውን ደግሞ የታችኛው ሲሊንደር እላለሁ።

ከግዢ በፊት የሚለካው

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ። የቮልስ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ ለዚህ ሥራ መለቀቅ አለበት፤ ስለዚህ የፊት ጎማዎችና መሬት ላይ የሚቀረው የኋላ ጎማ በታኮ በደንብ ይያዙ። ከኋላ ጎማዎች አንዱን ብቻ በክሪክ ያንሡና መኪናውን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይግቡ።

ሞተሩ እንደጠፋ ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡና የተነሣውን ጎማ በእጅ ለማዞር ይሞክሩ። ሞተሩ ስለያዘው እምቢ ይላል። አሁን ሌላ ሰው ፔዳሉን ቀስ እያለ ይርገጥ። ጎማው በነጻ መዞር የጀመረበት ነጥብ ፍሪሲዮኑ የለቀቀበት ነው። በዚያ ነጥብ ላይ የታችኛው ሲሊንደር ዘንግ ከመነሻው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሄደ በማስመሪያ ይለኩና ይጻፉ። ቀጥሎ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጥና ዘንጉ እንደገና ይለካ። የመጀመሪያው ቁጥር ፍሪሲዮኑ የሚፈልገው ጉዞ ነው፤ ሁለተኛው ሃይድሮሊኩ የሚሰጠው። ፔዳሉ ወለል ነክቶም ጎማው ካልተለቀቀ ክንዱን ሲሊንደሩ በሚገፋበት አቅጣጫ በረጅም ብረት ገፍቶ የሚለቅበትን ነጥብ ማግኘት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ይጠራል። ሃይድሮሊኩ ከሚፈለገው ቢያንስ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ እየሰጠ ማርሹ አሁንም የሚጮህ ከሆነ ማስተሩንም ሲሊንደሩንም አይንኩ፤ ችግሩ ሞተሩና ካምቢዮው መሐል ነው። የሚሰጠው ከሚፈለገው ካነሰ ደግሞ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም፤ የጎደለው ጉዞ ከፔዳሉ እስከ ክንዱ ባለው መንገድ ላይ የሆነ ቦታ እየጠፋ ነው። ክንዱ በብረት ተገፍቶም የማይለቅ ከሆነ ዲስኩ (የሞተሩን ጉልበት ለካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክብ ሰሌዳ) ቮላኖው ላይ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት ላይ፣ ወይም የካምቢዮው ዘንግ ላይ ተጣብቋል፣ ተጣሟል፣ ወይም ውስጡ ያሉት ዕቃዎች አይመሳሰሉም።

የመጨረሻው ነጥብ ለቮልስ ባለቤቶች የተለየ ትርጉም አለው። እስከ እ.ኤ.አ. 1970 ሞዴል ድረስ ክንዱ የሚገፋው የፍሪሲዮን ኩሽኔታ መሪ ቱቦ የለውም፤ ዲስኩን የሚጫነው ክፍልም መሐሉ ላይ ኩሽኔታው የሚያርፍበት ቀለበት አለው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ኩሽኔታው በካምቢዮው ላይ ባለ መሪ ቱቦ ላይ ይንሸራተታል፤ ቀለበቱም ቀርቷል። ካምቢዮው ከአንዱ ዘመን፣ ፍሪሲዮኑ ከሌላው ከሆነ የትኛውም ማስተር አያድነውም። የዲስኩ መጠንም ይለያያል፤ 180 ሚሊ ሜትርና 200 ሚሊ ሜትር አለ። ብዙ ባለቤት የቀየረው መኪና ውስጥ የተደበላለቀ ዕቃ ማግኘት የተለመደ ስለሆነ ሞተሩ በሌላ ምክንያት በወረደ ጊዜ ይህን አይቶ መመዝገብ ይጠቅማል። በቮላኖው መሐል ያለችው ትንሽ ኩሽኔታም በዚያው ትታይ፤ ደርቃ ከያዘች ፍሪሲዮኑ ለቅቆም ዘንጉ መዞሩን አያቆምም።

የጎደለው ጉዞ የት ይጠፋል?

መጀመሪያ የአየሩ ነገር ይለይ። ፔዳሉን አንድ ጊዜ ረግጠው ጉዞውን ይለኩ፤ ከዚያ ቶሎ ቶሎ ሦስት አራት ጊዜ ረግጠው እንደገና ይለኩ። ሁለተኛው ልኬት በግልጽ ከጨመረ አየር አለ፣ ወይም ፔዳሉ ከመጠን በላይ ልል ነው። ምንም ካልተለወጠ አየር አይደለም፤ አየር ለማውጣት የሚፈስሰው ዘይት ሁሉ ከንቱ ነው።

ፔዳሉ ሲረገጥ ጥሩ ሆኖ፣ እግር ሳይነሣ በዝግታ እየሰመጠ ከሄደ ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው) ዘይት ወደኋላ እያሳለፈ ነው። ይህ ብልሽት ውጭ ላይ ምንም ፍሳሽ አያሳይም፤ የማጠራቀሚያው ዘይትም አይቀንስም። መብራት ላይ ቆሞ አንደኛ ማርሽ እንደገባ መኪናው በራሱ ወደፊት መሳብ ከጀመረ ተጠርጣሪው ይኸው ነው። ዘይቱ እየቀነሰ ከሆነ ግን የታችኛውን ሲሊንደር የአቧራ መከላከያ ጎማ ገለጥ አድርጎ ማየት፣ ፔዳሉ ሥር ያለውን ምንጣፍም መዳሰስ ነው። የአዳማ ነፋስና አቧራ ለዚህ መከላከያ ጎማ አይራራም፤ ከተቀደደ አቧራው ገብቶ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፍቃል፤ አዲስ ጎሚኒ ቢገባም ብዙ አይቆይም።

ሰው ሁሉ የሚዘነጋው የመያዣ ብረት መተጣጠፍ ነው። እዚሁ አዳማ አንድ የ1960ዎቹ ቮልስ ፍሪሲዮኑ ስለማይለቅ ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ ዘይት ሲፈስስለት፣ ማስተር ሲቀየርለት አይቻለሁ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። «ጋሼ፣ አሁንም አየር አለበት» ይላቸዋል ወጣቱ መካኒክ። ሌላ መካኒክ መጥቶ ከመኪናው ሥር ተኛና «ይርገጡልኝ» አላቸው። ሲረግጡ የታችኛውን ሲሊንደር የያዘው ብረት ወደኋላ ሲያፈገፍግ በዓይን ይታይ ነበር፤ ከስስ ላሜራ የተቆረጠ፣ በሁለት ብሎን ብቻ የታሰረ ነው። እግራቸውን ሲያነሡ ይመለሳል። ማስመሪያ ሲያዝበት ብረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ሲሊንደሩ ከሚሰጠው 15 ሚሊ ሜትር ላይ 3 ከጠፋ አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው፤ ማርሹን የሚያስጮኸውም እሱ ነው። ወፍራም ብረት ተቆርጦ፣ በጎኑ መደገፊያ ተበይዶለት፣ በሦስተኛ ብሎን ሲታሰር ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ።

ይኸው ምርመራ ከፊትም ይደገም። አንዱ ሲረግጥ ሌላው ማስተሩን ራሱን ይመልከት። ማስተሩ የታሰረበት ላሜራ እንደ ጉንጭ የሚነፋ ከሆነ ከጀርባው ሰፊ የማጠናከሪያ ብረት ያስፈልገዋል። በኬብል ዘመን ያ ቦታ እንዲህ ዓይነት ግፊት አልነበረበትም።

ቧንቧው ላይ ብዙ አልቆይም። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ መስመሩ ረጅም ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የጎማ ቱቦ ከተዘረጋ ቱቦው በግፊት እያበጠ ጉዞ ይበላል። የብረት የፍሬን ቧንቧ እስከ ካምቢዮው አቅራቢያ ይምጣ፤ ሞተሩ ስለሚንቀጠቀጥ የመጨረሻዋ አጭር ክፍል ብቻ ተጣጣፊ ትሁን። በመሐል ቦዩ የቤንዚን መስመርም ስለሚያልፍ እንዳይፋተጉ፣ ከጭስ ማውጫውና ከማሞቂያ ሳጥኖቹም እንዲርቅ ማድረግ ነው።

የማይለቀው ሳይሆን የሚንሸራተተው

እስካሁን ያልነው ፍሪሲዮኑ አልለቅም ሲል ነው። ተቃራኒው፣ ማለትም ፍሪሲዮኑ አልይዝም ሲል፣ ብዙዎች ወዲያው ዲስክ ይገዛሉ። ይህ በተለይ ለሃይድሮሊክ ቅየራ የችኮላ ውሳኔ ነው።

ጠዋት ከቤት ሲወጣ ደህና የነበረ መኪና ቀትር ላይ በከባድ መኪኖች ሰልፍ መሐል እየቆመ እየሄደ ከቆየ በኋላ ሞተሩ እየጮኸ ጉልበት የሚያጣ ከሆነ መጀመሪያ መታየት ያለበት ማስተሩ ነው። ማስተር ውስጥ ፔዳሉ ሲለቀቅ የሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ በሙቀት የተስፋፋው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለሰው በእሷ ነው። የፔዳሉ ዘንግ ረዝሞ ፒስተኑን ጥቂት ገፍቶ ከያዘው ቀዳዳዋ አትከፈትም። ዘይቱ ሲሞቅ መውጫ ስለሚያጣ የታችኛውን ሲሊንደር ይገፋል፤ ማንም ፔዳል ሳይረግጥ ፍሪሲዮኑ ግማሽ የተረገጠ ይሆናል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። መኪናው እየተንሸራተተ ሳለ ዳር ይዞ ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ በታችኛው ሲሊንደር ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ብሎን ጨርቅ ይዞ ሩብ ዙር መፍታት። ዘይቱ በግፊት ፊጭ ብሎ ከወጣና ብሎኑ ተመልሶ ሲጠብቅ መኪናው እንደ ጤነኛ ከሄደ ዲስኩ አልጠፋም። የማስተሩ ዘንግ ከፒስተኑ ጋር ከመገናኘቱ በፊት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖረው ይስተካከል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ዘይቱ ያለ ግፊት ጠብ ጠብ ካለ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ክንዱ ላይ ክፍተት የለም፣ ዲስኩ አልቋል፣ ወይም ዘይት ነክቶታል። ያስታውሱ፣ ዲስክ እያለቀ ሲሄድ ኩሽኔታው ጋር ያለው ክፍተት ይጠብባል እንጂ አይሰፋም።

ሌላም ምክንያት አለ፣ ከየቦታው በተለቃቀመ ዕቃ በተሠራ ቅየራ ላይ የሚያጋጥም። ሸራ ፍሬን ካለው አሮጌ መኪና የተነቀለ የፍሬን ማስተር ለፍሪሲዮን ሲገጠም፣ ብዙዎቹ መውጫቸው ላይ መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አላቸው። ለሸራ ፍሬን የሚጠቅም ነገር ለፍሪሲዮን ጎጂ ነው፤ ኩሽኔታው ቀንና ሌሊት ተጭኖ ይኖራል። እንዲህ ያለ ማስተር ከገጠሙ ቫልቩ መውጣቱን ያረጋግጡ።

ሲሊንደሮቹ ይመጣጠናሉ?

ጉዞው ጎድሎ፣ አየርም መተጣጠፍም ከሌለ የቀረው የሲሊንደሮቹ ስፋት ነው። ብዙ ጊዜ ስፋቱ በአካሉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ 5/8፣ 3/4፣ 7/8 የሚሉት ቁጥሮች በኢንች ናቸው፤ በሚሊ ሜትር 15.9፣ 19 እና 22.2 ገደማ ይሆናሉ። ቁጥሩ ከጠፋ ፒስተኑን አውጥቶ በካሊፐር መለካት ነው።

ስሌቱ የሚከብድ አይደለም። ከማስተሩ የወጣው ዘይት ሁሉ ወደ ታችኛው ሲሊንደር ይገባል። የማስተሩን ስፋት ለሲሊንደሩ ስፋት አካፍለው ውጤቱን በራሱ ያባዙ፤ ያገኙትን ቁጥር በማስተሩ ዘንግ ጉዞ ያባዙ። የሚወጣው የታችኛው ዘንግ ጉዞ ነው። ፔዳሉ 150 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ የፔዳሉ ክንድ ደግሞ አምስት ለአንድ ነው እንበል፤ ማስተሩ 30 ሚሊ ሜትር ይገፋል። 5/8 ማስተር ከ7/8 ሲሊንደር ጋር 15.3 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። 5/8 ከ3/4 ጋር 20.8 ይሰጣል። 3/4 ከ7/8 ጋር 22 ገደማ ነው። ሁለቱም 3/4 ከሆኑ 30 የገባው 30 ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ ከ15 ወደ 20 ሚሊ ሜትር መድረስ የፈለገ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ማስተሩን ማስፋት ወይም ሲሊንደሩን ማጥበብ። የፔዳሉ ክብደት በሁለቱም መንገድ ይጨምራል፤ ጉዞና ቀላልነት አብረው አይገኙም። እኔ ሲሊንደሩን መቀየር እመርጣለሁ። መኪናው ሥር በሁለት ብሎን የሚፈታ፣ ርካሽና ተመልሶ ሊቀየር የሚችል ነው፤ ማስተሩን መቀየር ግን ብዙውን ጊዜ የፔዳሉን ዘንግና መያዣውን እንደገና ማሠራት ይጠይቃል። የ5/8 ማስተር የሚሰጠው ጉዞ አልበቃ ብሎ በአንድ ጊዜ ወደ 7/8 ማስተር መዝለል ፔዳሉን ከባድ፣ አያያዙንም ድንገተኛ ያደርገዋል።

ሲገዙ ማስተሩ ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሄድም ይለኩ። ፔዳሉ 30 ለመግፋት ቢሰናዳም ማስተሩ 25 ብቻ የሚሄድ ከሆነ ፔዳሉ ጫና የሚያደርገው ብረት ላይ ነው። ለዚህም ነው የፔዳል ማቆሚያ የሚያስፈልገው። የተቀየረ መኪና ሁሉ ፔዳሉ ወለል ላይ ሳይደርስ የሚያርፍበት ጠንካራ ማቆሚያ ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ እግር በጠነከረ ቁጥር ማስተሩ ወይም የፍሪሲዮኑ ሞላ ይጎዳል።

አየር ለማስወጣት የቱ ዘዴ?

በቮልስ ላይ በጣም የምመርጠው ከታች ወደ ላይ መሙላት ነው። አዲስ ትልቅ የሕክምና መርፌ ወይም የዘይት መግፊያ ጠርሙስ በቀጭን ቱቦ ከታችኛው ሲሊንደር የአየር ማውጫ ብሎን ጋር ይያያዝና ዘይቱ ቀስ ተብሎ ወደ ማጠራቀሚያው ይገፋል። አየር ወደ ላይ መሄድ የተፈጥሮው ስለሆነ ረጅሙን መስመር አብሮት ይጓዛል። ማጠራቀሚያው እንዳይሞላና እንዳይፈስስ ሌላ ሰው ይጠብቀው፤ የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይልጣል።

ሁለት ሰው ሆኖ እየረገጡ፣ እየፈቱና እያጠበቁ ማስወጣት ሁሉም ጋራዥ የሚያውቀው ነው፤ ለአጭር መስመር ይበቃል። በረጅም መስመር ላይ ግን አንድ እርግጫ የሚገፋው ዘይት ጥቂት ስለሆነ አረፋው ወደፊት ሄዶ ወደኋላ ይመለሳል። ብሎኑን ከፍቶ በራሱ ስበት እንዲወርድ መተው ጊዜ ይወስዳል እንጂ መጥፎ አይደለም።

የትኛውም ዘዴ ቢመረጥ የአየር ማውጫ ብሎኑ የሲሊንደሩ ከፍተኛ ቦታ ላይ መሆን አለበት። ከሌላ መኪና የመጣ ሲሊንደር ተገልብጦ ሲገጠም ብሎኑ ከታች ይሆናል፤ አየሩ ከላይ ተቀምጦ ይቀራል። ያኔ ሲሊንደሩን ከመያዣው ፈትቶ፣ ፒስተኑ እንዳይወጣ ዘንጉን ገፍቶ ይዞ፣ ብሎኑ ወደ ላይ እንዲሆን አዙሮ ማስወጣት ይቻላል። ቧንቧው መሐል ላይ ከሁለቱ ጫፎች በላይ የሚታጠፍበት ቦታ ካለም አየር እዚያ ያደፍጣል።

ስለ ዘይቱ፣ ዶት 3 እና ዶት 4 ይቀላቀላሉ። የዶት 3 መፍያ ነጥብ አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ፣ የዶት 4 ደግሞ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ውኃ ሲጠጡ ወደ 140 እና 155 ሊወርዱ ይችላሉ። በሞቃት ከተማ፣ በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር አጠገብ ለሚያልፍ መስመር ዶት 4 ይሻላል። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይትና የመሪ ዘይት ደግሞ ጎሚኒዎቹን አሳብጠው ይገድሏቸዋል። ጎሚኒ በቤንዚን አይታጠብም፤ በንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ነው።

ታዲያ የቱን ልምረጥ?

ከኩሽኔታው ጋር አንድ የሆነው፣ ካምቢዮው ውስጥ የሚቀመጠው ክብ ሲሊንደር በአንዳንድ ቅየራዎች ላይ ይታያል። ክንድም መያዣ ብረትም ስለማይፈልግ የመተጣጠፍ ችግር የለበትም፤ ፔዳሉም ለስላሳ ነው። አዳማ ውስጥ ለሚሠራበት ቮልስ ግን አልመክረውም። ከፈሰሰ ዘይቱ በቀጥታ የሚያገኘው ዲስኩን ነው። የቮልስ ሞተር በአራት ብሎኖች የሚወርድ ቢሆንም ለአንድ ጎሚኒ ሞተር ማውረድ፣ ተስማሚውን ጎሚኒም ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ መሄድ ከባድ ነው። አሁን ያለዎት ይህ ከሆነና ካልፈሰሰ ይተዉት፤ ሲፈስስ ግን ተመሳሳዩን ከመግዛት ወደ ውጭ ሲሊንደር ይሻገሩ።

የውጭ ሲሊንደር ለአብዛኛው የተቀየረ መኪና ትክክለኛው መልስ ነው። ፍሳሹ ይታያል፣ ጉዞው ይለካል፣ ጎሚኒው በመንገድ ዳር ይቀየራል። ሁለት ዓይነት አሠራር እንዳለው ልብ ይበሉ። አንደኛው ሲሊንደሩ ውስጥ ለስላሳ ሞላ አለው፤ ኩሽኔታውን ሁልጊዜ አስነክቶ ይይዛል፤ ዲስኩ ሲያልቅ በራሱ ይስተካከላል። ሁለተኛው ክንዱን ወደኋላ የሚመልስ የውጭ ሞላ አለው፤ ክፍተቱም በዘንጉ ዳዶ ይስተካከላል። የቮልስ ኩሽኔታ የተሠራው ክፍተት ኖሮት እንዲያርፍ ስለሆነ ለቮልስ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በየጊዜው የማስተካከል ግዴታውን ግን ይቀበሉ። ሲሊንደር ሲመርጡ የሚሆነው ጎሚኒ አዳማ ሱቆች ውስጥ ያለ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። በብዛት ከሚነዱ የቶዮታና የአይሱዙ መኪኖች የሚገኝ ስፋት ካለ፣ ውጭ አገር ከሚመረት የሚያምር ዕቃ ይልቅ እሱን ይያዙ።

ወደ ኬብል መመለስ ሽንፈት አይደለም። የመሐል ቦዩ ቱቦ ጤነኛ ከሆነ፣ ፔዳሉና መንጠቆው ካልተቆረጡ፣ ኬብል ከሁሉም ርካሽና አስተማማኝ ነው፤ በሙቀት አይሰፋም፣ አየር አይዝም፣ ትርፍ ኬብል ወንበር ሥር ይዞ ወደ ወንጂም ወደ አዋሽም መሄድ ይቻላል። ቱቦው ከተላቀቀ ግን ቦዩን በመስኮት ያህል ቆርጦ፣ ቱቦውን መልሶ በይዶ፣ መዝጋት ይጠይቃል። በዚያ ቦይ የቤንዚን መስመር አለ፤ ታንኩ ሳይወጣ፣ መስመሩ ሳይጸዳ ብየዳ እንዲነካው አይፍቀዱ። ይህን በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ካላገኙ ያለዎትን የውጭ ሲሊንደር በጥሩ መያዣ ብረት ማጠንከር ይሻላል።

ወደ ኬብል ከተመለሱ ሁለት ነገር ይለኩ። ከሻሲው ወጥቶ ካምቢዮው ጋር የሚደርሰው ተጣጣፊ መሪ ቱቦ መሐሉ ላይ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ሊረግብ ይገባል፤ ቀጥ ካለ መኪናው ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፤ በቀለበቶች ይስተካከላል። ፔዳሉ ላይ ደግሞ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ልልነት ይተዉ፤ የሚስተካከለው ክንዱ ላይ ባለው ባለ ክንፍ ዳዶ ነው። የፔዳሉ መንጠቆ ተበልቶ ከሆነ አዲሱ ኬብል ሳይገባ በብየዳ ተሞልቶ ይሞረድ። አዲስ ኬብል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚለጠጥ ከሳምንት በኋላ ልልነቱን እንደገና ይለኩት።